ድምፁን አጥፋው

«ህዳሴ» ሲለኝ ቀጣሪዬ በስልክ፣
ዓይኔ ላይ የመጣው የግድቡ መልክ፤
ከደሞዜ ላይ በየወሩ ቆርሼ
ቦንድ የገዛሁለት፣ ያንኑ ሸሚዝ ለብሼ።
«ኧረ ሌላ ነው» አለ፣ «የፈረንጆቹ ነው፣
ከአምስት መቶ ዓመት በፊት የነበረው፤
ንግሥት አለችበት፣ ጎራዴ፣ የብረት ጀግና፤
ልክ ሲኒማ እንዲመስል አድርገህ ቅረጽና
እስከ እሑድ ማታ ላክልኝ በደመና።»
ቀና ብዬ አየሁ፤ እዚህ አገር ሰማይ
ደመና የሚባል አላውቅም ሲታይ።

ራስ አል ኸይማ ነው ነገሩ የሆነው፤
ትርጉሙን ስጠይቅ «የድንኳን ራስ ነው»።
እውነትም ድንኳን ነው ተራራው ሥር ሞልቶ፣
ቀይና ቢጫ ጨርቅ ከአሸዋው ላይ ወጥቶ፤
የካርቶን ግንብ አለ በሽቦ ተደግፎ፣
ጀነሬተር ያጓራል ከኋላው ተሰልፎ።
ንግሥቷ ማሪሴል ናት፣ የሆቴል እንግዳ ተቀባይ፣
ዘውዷን እያቀናች ሰዓቷን የምታይ።
ጥቅምት ነው። የኛ ጥቅምት አንድ አጥንት ያስመኛል፤
የዚህ ጥቅምት ደግሞ ያለኝን ያከስልብኛል።

እኔም ጊምባሌን እንደ ሕፃን አቅፌ፣
ፀሐይዋን በጥቁር መስታወት ጠልፌ፣
በሰከንድ መቶ ሃያ ምስል እየነጠቅሁ
ጊዜን ከማንኪያ ላይ እንደ ማር አዘገየሁ።
አቧራው ሲነሣ ወርቅ ይሆናል በጀምበር፤
ውሸትም ያምራል ከብርሃን ጋር ሲያብር።

መጣ ባለ ጦሩ፣ ከአናቱ እስከ እግሩ ብረት፣
ስም የለው፣ ፊት የለው፣ ስንጥቅ ብቻ ያለበት፤
ፈረሱን ኮለኮለ፣ ጦሩን ወደረ፣
ሁለት ዙር ዞረ፣
ሦስተኛው ላይ ቀረ።

ማንም አልነካው።
ከመደርደሪያ እንደ ወደቀ የድስት ክዳን፣
ኳኳታ ብቻ።
ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔም፣ ምን ይዋሻል፣
«ግሩም!» አልሁ በሆዴ፤
በርከክ ብዬ ቀረብሁ፣ ትኩረቴን አጠራሁ፣
ብረቱ ላይ የጀምበሯን ቅላት ፈለግሁ።

ከስንጥቁ ውስጥ ድምፅ መጣ፣
ለማንም ያልተባለ፦
«ያ ረቢ። እማዬ። ውሃ።»

ውሃ።
ዋተር አላለም፣ ማይ አላለም።

ካሜራው አላቆመም። እጄ ነው ያላቆመ።
ሦስት ሰከንድ ቆየሁ። ኋላ ቆጥሬዋለሁ፤
ሲኒማ ሲሆን አሥራ አምስት ነው፤
በአሥራ አምስት ሰከንድ ውስጥ
አንድ ሰው አንድ ብርጭቆ ጠጥቶ ይጨርሳል።
ከዚያ ነው ጊምባሉን አሸዋ ላይ ጥዬ
የብረት ቆቡን የፈታሁት።

ይመር ይባላል። የባቲ ልጅ። ፈረስ ቀላቢ።
ፖላንዳዊውን ተዋናይ ጠዋት ሙቀት ጥሎት
ሆስፒታል ሲወስዱት፣
«ፈረሱ የለመደው አንተን ነው» ብለው
ብረቱን አለበሱት፤ ሃምሳ ድርሃም ጨመሩ።
ውሃውን ጠጥቶ መጀመሪያ የጠየቀኝ
«ፈረሱን ማን ያዘው?» ነው።
ቀጥሎ ሳቀ፣ ላቡ በአገጩ እየወረደ፤
«ፊቴ ካልታየማ እኔ መሆኔን ማን ያምነኛል?»

ቀጣሪዬ ሌሊት ጻፈልኝ፦
«የወደቀው ምርጥ ነው! መክፈቻ ይሁን።
የሚያቃስተው ይረብሻል፤ ድምፁን አጥፋው፣
ሙዚቃ ጫንበት።»
ጫንሁበት። ዋሽንትና ከበሮ፣ የፈረንጅ።
ተከፈለኝ። የቤት ኪራዬን ሰጠሁ።

ያልነካሁትን ግን፣ እንዳለ፣ ከነትንፋሹ፣
ከቆቡ ሥር እስከ ወጣው ፊቱ ድረስ
ለይመር ላክሁለት፤
ማስረጃ ይሁነው ብዬ፣
ወይም ለሦስቱ ሰከንድ ካሣ፣
እኔም አልለየሁትም።

በሁለተኛው ቀን መለሰልኝ፤
መጀመሪያ የፈረሱን ፎቶ፣ ገለባ ሲበላ፤
ቀጥሎ፦
«ቆንጆ ነው ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥህ።
ለቤት ልልከው ነው።
ግን ድምፁን አጥፋልኝ፤
እማዬ ትሰማለች።»